ሥጋ ስንካፈል ሕመም እንዳንካፈል

አረፋ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት በሰሜን ሸዋ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ የበግ መንገድ ይሆናል። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌና ከራቤል ዙሪያ የተነሣው፣ ሱፉ ለባና የሚፈተለው፣ ላቱ አጭር የሆነው የመንዝ በግ እየተነዳም በመኪና እየተጫነም ወደ ይፋት ቆላ ገበያዎች ይወርዳል። በደጋው ያረባው ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ክርስቲያን ነው፤ ገዝቶ የሚያርደው ሙስሊም ነው። በአገራችን ልማድ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። በጉን ግን በቁሙ ይሸጥለታል፤ ወዳጁ ሲደግስም በቁሙ ይሰጠዋል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በመንዝ ሜዳ ላይ የበጉ ጤና ካልተጠበቀ ችግሩ በባለቤቱ ግቢ አይቀርም፤ ይፋት ድረስ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ተካፋይ ማዕድ ላይ ይደርሳል። የመንዙ፣ የግሼውና የመርሐቤቴው ክርስቲያን ለገናና ለፋሲካ ቅርጫ ሲገባም ጉዳዩ ያው ነው። አንድ ከብት ለብዙ ቤት ሲከፋፈል ከሥጋው ጋር አብሮ የሚከፋፈል ነገር እንዳይኖር ጥንቃቄው የሚጀምረው ቢላዋው ከመነሣቱ በፊት ነው።

የመካፈሉ ጥቅም

በእስልምና ሥርዓት በኡድሒያ አንድ በግ ወይም ፍየል ለአንድ ሰውና ለቤተሰቡ ሲሆን፣ በሬ ወይም ግመል ግን እስከ ሰባት ሰው ሊጋራው ይችላል። ብቻውን መግዛት ያቃተው ጎረቤት ከሌሎች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል። አሠራሩ በሁሉም ዘንድ ከሚታወቀው ቅርጫ ጋር ይመሳሰላል። እርዱ የሚፈጸመው በዙልሒጃ ወር 10ኛው ቀን ከኢድ ሶላት በኋላ ሲሆን በሚቀጥሉት ቀናትም ይቀጥላል። የተለመደው አከፋፈል ሥጋውን ሦስት ቦታ ማድረግ ነው፤ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ ለችግረኛ።

ይህ አከፋፈል በጤና ዓይን ሲታይ ትልቅ ጥቅም አለው። ሥጋ ፕሮቲን ብቻ አይደለም የሚሰጠው። በውስጡ ያለው ብረት ከእህልና ከጥራጥሬ ከሚገኘው ይልቅ በሰውነታችን በቀላሉ ይመጠጣል። ለደምና ለነርቭ ጤንነት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ገብስና ባቄላ የዘወትር ምግቡ ለሆነ ቤተሰብ፣ በተለይም ከስድስት ወር በላይ ለሆኑ ሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች፣ በደም ማነስ ለሚቸገሩ ሰዎች የበዓሉ ሥጋ ዋጋ አለው። ስለዚህ ለችግረኛ የሚደርሰው ድርሻ አጥንትና ጅማት ብቻ እንዳይሆን፣ ቀይ ሥጋም እንዲኖረው ማድረግ ከልግስናም በላይ ጤናን መስጠት ነው። ሕፃን ሥጋውን ማኘክ ካልቻለ በደንብ አብስሎ፣ አድቅቆ ከገንፎው ጋር መቀላቀል ይቻላል። መረቁን ብቻ አጠጥቶ ሥጋውን ለትልልቆች ማድረግ ግን ሕፃኑን ዋናውን ምግብ ያሳጣዋል።

ሥጋውን ሳይሆን ኪሳራውን

ከበዓሉ ውጭ ችግር የሚጠራው ሌላም መካፈል አለ። ደህና ያደረ በሬ በድንገት ይወድቃል። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ «ሳይሞት ቢላዋ ይድረስለት» ይባላል። ከብቱ ይታረዳል፤ እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ወስዶ የአቅሙን ይከፍላል። የባለከብቱ ጉዳት በዚህ ይቀልለታል። በክፋት የሚደረግ አይደለም፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ የሚያደርገው ደግነት ነው። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ፈተናው ይከብዳል። የሥጋ ዋጋ ንሯል፤ በሬው የተገዛው በሰባት ሰው ገንዘብ ነው፤ «ይቅበር» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ነገር ግን ከብትን በድንገት ከሚጥሉ በሽታዎች አንዱ አባ ሰንጋ ነው። ከብትን፣ በግንና ፍየልን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ አንዳንዴ ጠዋት ሲግጥ የዋለው ማታ ሞቶ ይገኛል። ሬሳው ቶሎ ይነፋል፤ እንደሌላ ሬሳ ላይደርቅ ይችላል፤ ከአፍ፣ ከአፍንጫና ከኋላው የማይረጋ ጠቆር ያለ ደም ይወጣል። በስሕተት የታረደ እንደሆነ ጣፊያው አብጦና ጠቁሮ ሊታይ ይችላል። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ባይታዩም በድንገት የሞተ ወይም ሊሞት የደረሰ ከብት በአባ ሰንጋ ሊጠረጠር ይገባል።

ዋናው ጥንቃቄ ከብቱን አለመክፈት ነው። ምክንያቱም የበሽታው ባክቴሪያ በሬሳው ውስጥ ተዘግቶ ሲቀር አብዛኛው በመበስበስ ይሞታል። ሬሳው ተከፍቶ ደሙ አየር ሲያገኝ ግን ባክቴሪያው ጠንካራ ሽፋን ይለብስና በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በ1942 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች በስኮትላንድ አቅራቢያ ባለችው ግሩናርድ በተባለች ትንሽ ደሴት ላይ በበጎች ላይ የአባ ሰንጋን ሙከራ አደረጉ። ደሴቷ በኬሚካል ታክማ ነጻ መሆኗ የተነገረው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ48 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አንድ ቀን ለመካፈል የተከፈተ ከብት የሠፈሩን ግጦሽ ለልጅ ልጅ ሊበክል ይችላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ወደ ሰው የሚተላለፈው ሲያርዱ፣ ሲገፉ፣ ሥጋውን ሲቆራርጡ ወይም ሲበሉ ነው። በብዛት የሚታየው የቆዳ ዓይነቱ ነው። መጀመሪያ ነፍሳት የነከሰ የሚመስል የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል፤ ከዚያም ውሃ ይቋጥራል፤ በመጨረሻም መሐሉ ከሰል የመሰለ ጥቁር ቁስል ይሆናል። ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሰዎች ንቀው የሚቀመጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ሥጋውን የበላ ሰው ደግሞ ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ትውከትና ተቅማጥ፣ ወይም የጉሮሮ እብጠት ሊያጋጥመው ይችላል፤ ይህኛው ዓይነት ገዳይነቱ ከፍተኛ ነው። በሽታው በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታከማል። ስለዚህ በድንገት የወደቀ ከብት ያረደ፣ የገፈፈ ወይም ሥጋውን የበላ ሰው ምልክት እስኪያይ ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ነገሩን በግልጽ መናገር አለበት። ቁስሉን በእሳት መተኮስ ወይም በቤት መድኃኒት መሸፈን ጊዜ ማባከን ነው።

«ደህና አድርገን ብንቀቅለውስ?» ለሚል ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ በተለመደው የቤት አበሳሰል ላይ መተማመን አይቻልም። ከዚያም በላይ አደጋው ከድስቱ በፊት በአራጁና በገፋፊው እጅ ላይ ነው። ቆዳውን ገፎ መሸጥም ሆነ ሱፉን መሸለት የተከለከለ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የሱፍ ፋብሪካዎች ሠራተኞችን ይገድል የነበረው «የሱፍ ሠራተኞች በሽታ» ይኸው አባ ሰንጋ ነበር። ሱፍ ፈትሎ ባና ለሚሠራ አካባቢ ይህ ሊታወስ የሚገባው ነው።

ታዲያ ባለከብቱ ምን ይሁን? መረዳዳቱ ይቀጥል፤ መንገዱ ግን ይለወጥ። ለሥጋው ሊከፍሉ ያሰቡትን ገንዘብ ጎረቤቶች እንዲሁ ያዋጡለት፤ ከብቱ ግን ሳይከፈት ይቀበር። እድሩም ሆነ ጀመዓው የሰውን ሐዘን እንደሚጋራ ሁሉ የከብትን ኪሳራ የሚጋራበት ትንሽ ሣጥን ሊኖረው ይችላል። ሥጋውን ሳይሆን ኪሳራውን መካፈል ማለት ይህ ነው። የሰባቱ ሰዎች በሬ ከሆነም ኪሳራው በሰባት ተከፍሏል፤ ሕመሙ ግን በሰባት ቤተሰብና ሥጋው በሚደርሳቸው ሁሉ ይባዛል።

ሃይማኖቱም ቢሆን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በእስልምና የሞተ እንስሳና ደም መብላት የተከለከለ ነው። ለኡድሒያ የሚቀርበው እንስሳ ደግሞ ዓይኑ የጠፋ፣ ሕመሙ የሚታይ፣ በግልጽ የሚያነክስ ወይም መቅኒው እስኪደርቅ የከሳ መሆን የለበትም። የጤና ባለሙያው ገበያ ውስጥ ሆኖ ከሚነግረን ምክር ጋር ይህ ሥርዓት ተመሳሳይ ነው።

ሬሳውን በጥልቅ ጉድጓድ፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያህል ቆፍሮ መቅበር ወይም ማቃጠል ያስፈልጋል። ሲቻል በወደቀበት ቦታ ይቀበር፤ እየጎተቱ ማራቅ ደሙን በመንገድ ላይ መዝራት ነው። ከመንካት በፊት የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት፣ የቀሩት ከብቶችም እንዲከተቡ ማድረግ ይገባል። የአባ ሰንጋ ክትባት በየዓመቱ የሚሰጥ ነው።

ለውሻ የሚጣለው ሳንባ

ሁለተኛው አደጋ እንደ አባ ሰንጋ አያስደነግጥም፤ ዓመታት ወስዶ ነው የሚመጣው። በጉ ታርዶ ሆዱ ሲከፈት በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠሩ ነጫጭ ከረጢቶች ይታያሉ። ብዙ ሰው «የተበላሸ ነው» ብሎ ሳይበላው ይጥለዋል። መልካም ነው። የሚጥለው ግን ለውሻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከረጢቱ በሳይንስ ስሙ ኢኪኖኮከስ የተባለ የውሻ ትል ዕጭ ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ በስድስትና በሰባት ሳምንት ገደማ ወደ ትልነት ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። በቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ እንቁላሉ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ የመሐል ሜዳ አካባቢ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ብርዳማ ደጋ ነው። በጉ እንቁላሉን ከሣሩ ጋር ይግጠዋል። ሰው ደግሞ ውሻውን በዳሰሰበት እጅ፣ ባልታጠበ አትክልት ወይም በተበከለ ውሃ ይወስደዋል። ከዚያም በሰውየው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ እንደ በጉ ያለ ከረጢት ቀስ እያለ ያድጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ሰው የሚታመመው ከረጢቱ ያለበትን ሥጋ በመብላቱ አይደለም፤ ከውሻው በሚወጣው እንቁላል ነው። ስለዚህ ከረጢቱን ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን መብላት ብቻ ቤተሰቡን አያድንም። ከረጢቱ ለዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሲያድግ በቀኝ ጎን በኩል ሕመምና እብጠት፣ የማይለቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። በውስጥ ቢፈነዳ ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስከትል ይችላል። በአልትራሳውንድ ይታያል፤ እንደ ሁኔታው በመድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና ይታከማል።

መከላከሉ ግን ሐኪም ቤት አይፈልግም፤ ጉድጓድ ይፈልጋል። አይስላንድ እንደ መንዝ ብርዳማና የበግ አገር ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁ አገሮች አንዷ ነበረች። ሐራልድ ክራቤ የተባለ ዴንማርካዊ ሳይንቲስት በሽታው ከውሻና ከበግ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅቶ በ1864 እ.ኤ.አ. ለየቤተሰቡ ታደለ። ሕዝቡ የተበከለውን ሳንባና ጉበት መቅበርና ውሾቹን ከትል ማጽዳት ልማድ አደረገው፤ ሕግም ወጣለት። በሽታው ከጊዜ በኋላ ከአገሪቱ ጠፋ። ሥራውን የጀመረው ዕውቀትና ጉድጓድ ነው።

በእኛም አገር አባ ሰንጋና ይህ የውሻ ትል በሽታ በ2015 እ.ኤ.አ. ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉት መካከል ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ከተመረጡት አምስት በሽታዎች ውስጥ ነበሩ። በበዓል ቀን በአንድ ሠፈር ብዙ በግ ይታረዳል፤ ውሻም ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። ስለዚህ በዋዜማው አንድ የጋራ ጉድጓድ ይቆፈር። ከረጢት የታየበት ሳንባና ጉበት ሳይወጋና ሳይፈነዳ ይግባበት፤ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣውም አፈሩ ይጠቅጠቅ፣ ድንጋይም ይጫንበት። የቤት ውሻ በእንስሳት ጤና ባለሙያ ትእዛዝ የትል መድኃኒት ይውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ባለበት አካባቢ ውሾች በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ እንዲወስዱ ይመክራል። ልጆችም ውሻ ከዳሰሱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ጉበቱና ጥሬው

ረግረግ ያለበት የደጋ ግጦሽ የጉበት ትል ቦታ ነው። ትሉ በውሃ ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ስለሚራባ ረግረግ ላይ የሚግጡ በጎችን ያጠቃል። ጉበቱ ሲቆረጥ የሐሞት ቱቦዎቹ ወፍረውና ጠንክረው፣ ቅጠል የመሰሉ ጠፍጣፋ ትሎችም ሲወጡ ይታያል። ሰው በዚህ ትል የሚያዘው በብዛት የተበከለ ውሃ በመጠጣት ወይም በረግረግ ውሃ ዳር የበቀለ ቅጠል ጥሬውን በመብላት ነው። እንዲህ ሆኖ የተገኘ ጉበት ግን ለማዕድ አይቅረብ፤ ከሌላው ጋር ይቀበር።

በሬ ከሆነ የታረደው የኮሶ ትል ጉዳይ ይነሣል። የኮሶ ትል ዕጭ በበሬ ሥጋ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ነጥቦች ሆኖ ይታያል፤ ጥቂት ሲሆን ግን ዓይን ሊያመልጠው ይችላል። ቁርጥና ክትፎ የሚወድ ሰው ሚጥሚጣው፣ አዋዜው ወይም አረቄው ትሉን ይገድልልኛል ብሎ እንዳይታለል። የሚገድለው እሳት ነው፤ ሥጋው ውስጡ ድረስ ቀይነቱ እስኪጠፋ መብሰል አለበት። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ጽንስን የሚጎዳ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተውሳክ ሊኖር ስለሚችል የበሬም የበግም ጥሬ ሥጋ ፈጽሞ መብላት የለባቸውም። ጉበትም ቢሆን ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት በእርግዝና ጊዜ ባይበዛ ይመረጣል።

ከገበያ እስከ መደብ

ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት የሚከተሉትን ማድረግ ብዙውን አደጋ ይቀንሳል።

በጉን ወይም በሬውን በዋዜማው ሳይሆን ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመው ይግዙ። ንቁ መሆኑን፣ መብላቱንና ማመንዠጉን፣ አለማስቀመጡን፣ ከአፍንጫው ፈሳሽ አለመውጣቱን ይመልከቱ። የዓይኑን ሽፋን ገለጥ አድርገው ይዩ፤ ሮዝ መሆን ሲገባው ነጣ ካለ ደም ማነስ አለበት፤ ከአገጩ ሥር የተንጠለጠለ እብጠት ካለም የትል ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሻጩን በቅርቡ መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ይጠይቁ። የትል መድኃኒትም ሆነ ፀረ ባክቴሪያ ከተሰጠ በኋላ እንስሳው ሳይታረድ መቆየት ያለበት ቀን አለ፤ ልኩን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነግርዎታል። ሻጭ ገበሬም ቢሆን ይህን ሳይጠየቅ መናገር ይገባዋል።

ከሩቅ የመጣውን እንስሳ ያሳርፉት፤ ውሃ ይስጡት። ደክሞና ተሸብሮ የታረደ እንስሳ ሥጋው ቶሎ ይበላሻል።

በከተማ ከሆኑ ምርመራ ባለበት ቄራ ያሳርዱ። በገጠር የእንስሳት ጤና ባለሙያው በእርዱ ቀን እንዲገኝ አስቀድመው ይንገሩት። ሳንባ፣ ጉበት፣ ልብና ጣፊያ ሳይታዩ መደብ አይመደብ፤ ዕጣም አይጣል። አንዱ ብልት አጠራጣሪ ሲሆን «የእኔ ድርሻ አይደለም» ማለት አይሠራም።

የሆድ ዕቃውን የሚያጸዳውና ሥጋውን የሚቆራርጠው ሰው፣ ቢላዋውም የተለያዩ ይሁኑ። እጁ የቆሰለ ሰው አራጅም ገፋፊም አይሁን። ሥጋው በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በታጠበ ሸራ ወይም በንጹሕ ቅጠል ላይ ይዘርጋ።

ቤት ከገባ በኋላ

ትኩስ ሥጋን በፌስታል አፍኖ ከቤት ቤት ማዞር የተለመደ ነው። ባክቴሪያ ግን ሞቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ በ20 ደቂቃ ውስጥ በእጥፍ ሊራባ ይችላል። ሥጋ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ እንደ ቆላው ሙቀት ባለበት ቦታ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲሁ መቆየት የለበትም። ስለዚህ ለሩቅ ዘመድ የሚላከው ድርሻ ቀድሞ ይሂድ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የዕለቱን ያብስል፤ የቀረውን በስሱ ዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ አድርጎ ነፋስ በሚያገኝበት፣ ዝንብ በማይደርስበት ቦታ ቋንጣ ያድርገው። ወፍራም ዝልዝል ላዩ ደርቆ ውስጡ ሊሸት ይችላል።

የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨውን፣ ሪህ ያለበት ጉበትና ኩላሊትን፣ የልብ ሕመም ያለበት ላቱንና ጮማውን ይቀንስ። የስኳር ሕመምተኛ በበዓል ምክንያት መድኃኒቱን አያቋርጥ። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ ለሚያዘወትሩ ሰዎች በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ እንዳይበልጥ ይመክራል። ሦስት ቦታ የተካፈለ ሥጋ ለሰጪውም ጤና የሚሆነው አንዱ በዚህ ነው፤ ከአቅም በላይ የተረፈው ሌላ ቤት ይጎድላል።

ከአረፋ በፊት ባሉት ቀናት ባለቅርጫዎች ዋጋ ለመነጋገር መገናኘታቸው አይቀርም። በዚያው ቀን ሦስት ጥያቄዎች ይጨመሩ፤ በሬውን ማን ያየዋል? ጉድጓዱ የት ይቆፈራል? ከብቱ በድንገት ቢወድቅ ኪሳራውን እንዴት እንካፈላለን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ቅርጫ መደቡ ሲዘረጋ ማንም ተካፋይ ድርሻውን በሥጋት አይወስድም።

መልካም በዓል!